የቃል አጣፊ ስሞች፦ ከአንግሎ ሳክሰን መሐላ እስከ ለንደን የቤት ገበያ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ቃሉን ለሚያጥፍ ሰው ያወጣቸው ስሞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በፍርድ ቤት የሚሰማው ነው፤ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የተወረሰ፣ የረጋ፣ ማንንም የማይሰድብ። ሌላው በአክሲዮን ገበያ፣ በፈረስ ግልቢያ ሜዳ፣ በካርታ ጠረጴዛና በእጮኞች ወሬ የተወለደ ነው፤ አጭርና ተናዳፊ ሲሆን አንዳንዴም ሕዝብን በጅምላ ያዋርዳል። የዚህ የሁለተኛው ወገን ቃላት ታሪክ ሲመረመር አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ብዙዎቹ የተወለዱት ወይም ሥር የሰደዱት ሕግ በሩን በዘጋበት ቦታ ነው። ዳኛው ለአንድ ዓይነት ቃል አልፈርድም ሲል፣ የተከዳው ሰው በእጁ የሚቀረው ከዳተኛውን በስም መምታት ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በፊት ግን ሕጉና ስድቡ ተለያይተው አያውቁም ነበር። በአንግሎ ሳክሰኖች ዘመን ሰው የሚታመነው በመሐላና በመያዣ ነው። መያዣው ‹ዌድ› ይባላል፤ ዛሬ ሠርግ የሚባልበት ‹ዌዲንግ› የወጣው ከዚሁ ቃል ነው። የዌሴክስ ንጉሥ አልፍሬድ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ባወጣው የሕግ መጽሐፍ የራሱን ድንጋጌዎች የከፈተው ከነፍስ ግድያና ከስርቆት በፊት በዚህ ጉዳይ ነበር፦ እያንዳንዱ ሰው መሐላውንና መያዣውን ይጠብቅ። ለተገባ ነገር ቃል ሰጥቶ ያፈረሰ ሰው መሣሪያውንና ንብረቱን ለወዳጆቹ አስረክቦ በንጉሡ ግቢ 40 ቀን ይታሰራል፤ ኤጲስ ቆጶሱ ያዘዘውንም ቅጣት ይቀበላል። የሚበላው ከሌለው ዘመዶቹ ይቀልቡታል፤ ዘመድ ከሌለው የንጉሡ ሹም ይቀልበዋል። ከእስር ካመለጠ ከሕግ ጥበቃ ውጭ ይሆናል፤ ከአብያተ ክርስቲያናትም ይወገዛል። ሕጉ የማይገባ መሐላንም አልዘነጋም፤ ጌታውን እንዲከዳ ወይም ለበደል እንዲያግዝ ተገዶ የማለ ሰው ቃሉን ከሚፈጽም ቢያፈርስ ይሻላል ይላል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በተጻፈ ሕግ ይህን ያህል ጥንቃቄ መገኘቱ፣ ለዚያ ኅብረተሰብ የተሰጠ ቃል ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ያሳያል።

የዘመኑ ስድብ ከሕጉ ጋር ይመጣጠናል። ቃል ኪዳኑን የዋሸ ሰው ‹ዌርሎጋ› ይባል ነበር፤ ‹ዌር› ቃል ኪዳን ነው፣ ‹ሎጋ› ደግሞ ዋሾ። በጥንቱ ግጥም ይኸው ስም ለሰይጣንና ሰው ለሚበሉ አረመኔዎች ሁሉ ይሰጣል። ዘመናት ሲያልፉ ትርጉሙ ከዲያብሎስ ጋር ወደ መወዳጀት አዘነበለ፤ በስኮትላንድ በኩል መልኩ ተለውጦ ዛሬ ወንድ ጠንቋይ የሚባልበት ‹ዋርሎክ› ሆነ። ሌላው ስም ‹ትሬዮውሎጋ› ሲሆን ታማኝነቱን የካደ ማለት ነው። በቤዎልፍ ግጥም ውስጥ ጌታቸው ከዘንዶ ጋር ሲዋጋ ጥለውት ወደ ጫካ የሸሹት አሥር ጦረኞች በዚህ ስም ተጠርተዋል። እነዚያ ሰዎች ጠጅ ሲጠጡ፣ ጋሻና ሰይፍ ሲሸለሙ፣ በመከራ ቀን ለጌታቸው ሊደርሱለት ቃል ገብተው ነበር። ቅጣታቸውም በግጥሙ ውስጥ ተነግሯል፤ ወገናቸው ሁሉ መሬቱን አጥቶ ይንከራተታል።

ቃል መግባት ራሱ የሚጠራበት ስም በመካከለኛው ዘመን ተለውጧል። ‹ቢሄስት› የሚለው ቃል ዛሬ ትእዛዝ ማለት ነው፤ ያኔ ግን የተስፋ ቃል ማለት ስለነበር እግዚአብሔር ለእስራኤል የሰጣት የተስፋ ምድር በእሱ ትጠራ ነበር። ከላቲን የመጣው ‹ፕሮሚስ› ከ1400 ገደማ ጀምሮ ቦታውን ወሰደ። ማፍረስን የሚያመለክተው ‹ብሪች› ግን ከስብራት የመጣ አሮጌ ቃል ነው፤ እስከ ዛሬም በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ውል ሲፈርስ የሚነገረው እሱ ነው።

የመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊ ቃል የበላበትን ሰው ወዴት ይከሰው ነበር? የንጉሡ ፍርድ ቤቶች ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የኪዳን ክስ የሚሰሙት በማኅተም የጸና ሰነድ ለያዘ ሰው ብቻ ነበር፤ በአፍ የተሰጠ ቃል በዚያ በር አይገባም። በዕዳ ክስ ደግሞ ተከሳሹ ዕዳ የለብኝም ብሎ ይምላል፤ አሥራ አንድ ሰዎች መሐላው እውነት ነው ብለው ከማሉለት በነፃ ይሄዳል። ስለዚህ የተከዳው ሰው ወደ ቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ያዘነብል ነበር። እዚያ ነገሩ የሚታየው ሃይማኖትን እንደመጉዳት ተቆጥሮ ነው፤ ከሃይማኖቱ ጋር አያይዞ ቃል የገባ ሰው ያንን ሲያጥፍ ኃጢአት ሠርቷልና ንስሐ ይገባል፣ ካልታዘዘም ይወገዛል። ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1164 በክላረንደን ድንጋጌዎች የዕዳ ጉዳይ፣ በእምነት ቃል የታሰረም ቢሆን፣ የንጉሡ ዳኝነት ነው ብሎ ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የሚፈረድለትን ቦታ ያውቃልና በ15ኛው ክፍለ ዘመንም እንዲህ ያሉ ክሶች በቤተ ክህነት ችሎቶች ይጎርፉ ነበር።

ጉዳዩን ወደ ንጉሡ ዳኞች የመለሰው ‹አሱምፕሲት› የተባለው የክስ ዓይነት ነው። ቃሉ በላቲን ‹ተቀበለ፣ በራሱ ላይ ወሰደ› ማለት ነው። ክሱ መጀመሪያ የተቀበሉትን ሥራ ላበላሹ ሰዎች ነበር፤ ቀስ በቀስ ሥራውን ጨርሶ ላልሠራም፣ ገንዘቡን ላልከፈለም ሆነ። መቋጫው በ1602 የተፈረደው የስሌድ ጉዳይ ነው። ጆን ስሌድ በማሳ ላይ የቆመ የስንዴና የአጃ ሰብል ለሀምፍሪ ሞርሊ በ16 ፓውንድ ሸጠ፤ ሞርሊ አልከፈለም። ለስሌድ ኤድዋርድ ኩክ፣ ለሞርሊ ፍራንሲስ ቤከን ተከራከሩ፤ ሁለቱም በእንግሊዝ ታሪክ ስማቸው የገነነ ሰዎች ናቸው። ዳኞቹ ለስሌድ ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ባለዕዳ ምሎ የሚያመልጥበት መንገድ በተግባር ተዘጋ፣ ምንም እንኳ በሕግ የተሻረው በ1833 ቢሆንም። በ1677 የወጣው የማጭበርበር መከላከያ ሕግ ግን በተቃራኒው አንዳንድ ቃሎችን፣ በተለይ የመሬት ሽያጭን፣ ካልተጻፉ አይጸኑም አለ። ይህ ሕግ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ አንድ አዲስ ስድብ ያስወልዳል።

ፍርድ ቤቱ ለነጋዴው ቃል በሩን ከከፈተ በኋላ መልሶ የዘጋበት የመጀመሪያው ትልቅ ቦታ የአክሲዮን ገበያ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን ደላሎች የሚገናኙት ኤክስቼንጅ አሊ በተባለ ጠባብ መንገድ፣ በተለይም በጆናታን ቡና ቤት ነበር። ያልያዙትን አክሲዮን ለወደፊት ቀን በተቆረጠ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ቀኑ ሲደርስ የዋጋውን ልዩነት ብቻ ይከፍላሉ። የ1720ው የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን ውድቀት ብዙ ቤት ካፈረሰ በኋላ ፓርላማው ይህን ንግድ እንደ ቁማር አየው። ሰር ጆን ባርናርድ ያቀረበው የ1734 ሕግ እንዲህ ያሉትን ውሎች ውድቅ አደረገ። ንግዱ ግን አልቆመም፤ የቆመው ክሱ ነው። ገንዘቡን የተነጠቀ ደላላ ወደ ዳኛ ቢሄድ ራሱን ያጋልጣል እንጂ አንድ ሳንቲም አያስመልስም።

‹ሌም ዳክ›፣ ማለትም አንካሳ ዳክዬ፣ የተባለው ስም የበረታው በዚህ ጊዜ ነው። በሂሳብ ቀን መክፈል ያቃተው ደላላ ከመንገዱ እየተንገዳገደ ይወጣል ተብሎ ይነገር ነበር። ደራሲው ሆራስ ዋልፖል በ1761 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ‹በሬ፣ ድብና አንካሳ ዳክዬ› ምን እንደሆኑ ታውቃለህን ብሎ ጠይቋል፤ ቃሉ ገና ለውጭ ሰው ማብራሪያ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። ደላሎቹ ፍርድ ቤት ስለሌላቸው የራሳቸውን ሥርዓት አበጁ። የከዳው ሰው ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ እሱም ከገበያው ይባረራል። በ1923 የለንደን አክሲዮን ገበያ ዓርማ ሲሰጠው ‹ቃሌ ማሰሪያዬ ነው› የሚል የላቲን መርሕ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የባርናርድ ሕግ በ1860 እስኪሻር ድረስ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ እነዚያ ውሎች ከቃል በቀር ማሰሪያ አልነበራቸውም። ስሙ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዘመኑ ሊያልቅ ለተቃረበ ባለሥልጣን ሆነ፤ ዛሬ ከዕዳ ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

የፈረስ ግልቢያው ታሪክ ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የተወው ጠባሳ ግን ይከፋል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት የቁማር ዕዳን ‹የክብር ዕዳ› ይሉታል። ልብስ ሰፊው ለዓመታት ክፍያውን እየጠበቀ፣ የውርርድ ዕዳ ግን በቀኑ ይከፈል ነበር። ለልብስ ሰፊው ዳኛ አለለት፤ ለተወራራጁ ግን ብዙውን ጊዜ የሰውየው ክብር ብቻ ነው ያለው፤ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠው በዚህ ምክንያት ነው። በለንደን ሃይድ ፓርክ ጥግ የነበረው የታተርሳልስ የፈረስ ጨረታ ቤት አባላት በተወሰነ የሂሳብ ቀን እየተገናኙ ይተሳሰባሉ፤ ያልከፈለ ሰው ከቤቱ ይወጣል፣ ከኒውማርኬት የግልቢያ ሜዳም ይታገዳል። በ1844 በታላቁ የደርቢ ውድድር የሦስት ዓመት ፈረሶች በሚወዳደሩበት ዕድሜው ያለፈ ፈረስ በሌላ ስም ገብቶ አሸነፈ፤ ቅሌቱም አገር አናወጠ። በዓመቱ፣ በ1845፣ የወጣው የቁማር ሕግ በ18ኛው አንቀጽ የውርርድ ውል ሁሉ ውድቅ ነው፣ በፍርድ ቤትም ሊጠየቅበት አይችልም አለ። ፓርላማው በውርርድ ገንዘብ የሚጨቃጨቁ ሰዎችን ከችሎት አራቀ።

ለመኳንንቱ ይህ ብዙም አልጎዳቸውም፤ ታተርሳልስ አለላቸው። ተራው ሕዝብ ግን በዚያው ዘመን በባቡር እየተጫነ ወደ ሜዳው ይጎርፍ ጀመር። በከተማ የነበሩት የውርርድ ቤቶች በ1853 በሕግ ሲዘጉ አወራራጁ ወደ ጎዳናና ወደ ሜዳ ወጣ። ከማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ሽልንግ ይሰበስባል፤ የተወደደው ፈረስ ካሸነፈ ሂሳቡን ሳይከፍል በሕዝቡ መካከል ሹልክ ይላል። ‹ዌልሽ› የሚለው ግስና ‹ዌልሸር› የሚለው ስም በጽሑፍ የታዩት በ1850ዎቹ፣ ልክ በዚህ ጊዜ ነው። የተያዘ አወራራጅ ዕጣው የሕዝቡ ዱላ ነበር። ቃሉ ከዌልስ ሕዝብ ስም ጋር አንድ ድምፅ አለው፤ እንግሊዞች ስለዚህ ጎረቤታቸው ከነበራቸው አሮጌ ንቀት እንደመጣ ብዙዎች ያምናሉ፣ የቃላት ተመራማሪዎች ግን ማረጋገጫ አላገኙም። ምንጩ ምንም ይሁን ምን፣ የዌልስ ሰው የአገሩን ስም ለሸሽቶ አደር አወራራጅ መጠሪያ ሆኖ ሲሰማው ስድብ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ጥንቁቅ ጸሐፊዎችም ዛሬ ቃሉን ይተዉታል። የውርርድ ውል በብሪታንያ በሕግ የሚጸና የሆነው የ2005ቱ የቁማር ሕግ በመስከረም 2007 ሥራ ላይ ሲውል ነው፤ በሩ ከ160 ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆይቷል።

የካርታ ጠረጴዛው ያዋጣው ቃል ‹ሪኒግ› ነው፤ ዛሬ ቃል ማጠፍን ከሁሉ በላይ አዘውትሮ የሚገልጸው እሱ ነው። ሥሩ መካድ የሚል የላቲን ግስ ሲሆን ሃይማኖቱን ለለወጠ ሰው የሚሰጠው ‹ሬኔጌድ› ወንድሙ ነው። ሼክስፒር በኪንግ ሊር ውስጥ በመካድ ትርጉሙ ተጠቅሞበታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በካርታ ጨዋታ የተጠራውን ዓይነት ካርታ ይዞ እያለ ሌላ የሚጥልን ተጫዋች የሚያመለክት ሆነ፤ ከዚያ ወደ ንግድና ፖለቲካ ወጣ።

ስለ እጮኝነት የሚነገረው ‹ጂልት› በ1670ዎቹ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንደ አዲስ የጎዳና ቃል ተመዝግቧል። መጀመሪያ የወንድን ልብ አባብላ የምትጥል ሴት መጠሪያ ነበር። እዚህ ግን ሕጉ በሩን አልዘጋም፤ እንዲያውም በሰፊው ከፈተው። ቤተ ክህነት አስቀድሞ ቃል የተለዋወጡትን ተጋቡ ብሎ ማስገደድ ይችል ነበር፤ የሎርድ ሃርድዊክ የ1753 የጋብቻ ሕግ ያንን ሥልጣን ሲያነሳ የቀረው የካሳ ክስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሳሾቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ለብዙዎቹ ጋብቻ ከኑሮ ሌላ ስም አልነበረውም፤ ዓመታት በእጮኝነት ታስረው የተተዉ ሴቶች ዕድሜያቸውም ስማቸውም ይጎዳ ነበርና ክሱ በስስት ብቻ የሚታይ አይደለም። ተዋናይቷ ሜይ ፎርቴስኪው በ1884 እጮኛዋን ቫይካውንት ጋርሞይልን ከስሳ 10,000 ፓውንድ ተከፈላት፤ በገንዘቡም የራሷን የቲያትር ቡድን አቋቋመች። ጋዜጦች ግን በከሳሾች ይሳለቁ ነበር። በ1879 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ክሱ ለተጨበጠ ኪሳራ ብቻ እንዲቀር የሚል ሐሳብ ቢቀበልም ሕግ አልሆነም። የተሻረው በ1970 ሕግ፣ ከ1971 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። ያው ሕግ የቃል ኪዳን ቀለበት በመሠረቱ የማይመለስ ስጦታ ነው ሲል ደነገገ። ክሱ ሞቶ ‹ጂልት› ግን ቀረ፤ ዛሬ ወንድንም ሴትንም ይመለከታል።

በአሜሪካ የተወለዱት ሁለት ቃላት ከግለሰብ አልፈው የመንግሥትን ቃል ይነካሉ። የማሳቹሴትስ ምክትል ገዢ ቶማስ ሃቺንሰን በ1765 ባሳተመው የቅኝ ግዛቷ ታሪክ ‹የኢንዲያን ስጦታ› ምላሽ የሚጠበቅበት ስጦታ ማለት እንደሆነ ጽፏል። ለአገሬው ሕዝቦች ስጦታ መሰጣጠት ወዳጅነትን የሚያስቀጥል ልውውጥ ነበር፤ ሰፋሪዎቹ ተቀብለው ዝም ሲሉ ያፈረሱት እነሱ ነበሩ። በ1848 የጆን ራስል ባርትሌት የአሜሪካ ቃላት መዝገብ ሲወጣ ግን ‹ኢንዲያን ጊቨር› ሰጥቶ መልሶ የሚወስድ ሰው ሆኗል። የበደለው ወገን በተበደለው ላይ ያወጣው ስም ነውና ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት በ1868 በፎርት ላራሚ ውል የጥቁር ተራሮችን ምድር ለላኮታና ‹ሱ› ለሚባሉ ሌሎች ሕዝቦች አጸና፤ መሬት የሚለቀቀውም ከአዋቂ ወንዶች ሦስት አራተኛው ሲፈርም ብቻ ነው ተባለ። በ1874 ወርቅ ተገኘ። በ1877 ኮንግረስ ያ ፊርማ ሳይሟላ መሬቱን ወሰደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ካሳ ይገባቸዋል ሲል ወለዱን ጨምሮ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጸደቀ፤ ሕዝቡ ግን የሚሻው ገንዘብ ሳይሆን ተራሮቹን ነውና አልቀበልም አለ።

ሁለተኛው ‹ሪፑዲዬሽን› ነው። በላቲን ሚስትን መፍታት ይገለጽበት ነበር፤ በ1840ዎቹ የመንግሥት ዕዳ መካድ ሆነ። የሚሲሲፒ ግዛት ለዩኒየን ባንክ ያወጣችውን የ5 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በአገረ ገዢው አሌክሳንደር ማክነት ግፊት አልከፍልም አለች። ፔንሲልቬኒያ በ1842 ወለድ መክፈል ስታቆም ገንዘብ ያበደራት እንግሊዛዊው ቄስ ሲድኒ ስሚዝ በ1843 ለኮንግረስ አቤቱታ ጻፈ፤ ጽሑፉም በአትላንቲክ ግራና ቀኝ ተነበበ። ፔንሲልቬኒያ በ1845 መክፈል ጀመረች። ሚሲሲፒ ግን ዕዳው እንዳይከፈል በሕገ መንግሥቷ ጭምር ከለከለች። ባለ ቦንዶቹ ግዛቷን በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ አልቻሉም፤ በ1795 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 11ኛው ማሻሻያ ከለከላቸው። ቦንዶቹ ወደ ሞናኮ መንግሥት እጅ ገብተው ክስ ሲቀርብባቸውም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1934 ግዛቷ ካልፈቀደች አልሰማም ብሎ መለሰው።

የመጨረሻው ቃል ዛሬም በእንግሊዝ ቤት ገዢን የሚያስፈራው ‹ጋዛምፕ› ነው። ምናልባት ከአይሁዶች የይዲሽ ቋንቋ የመጣ ሲሆን በ1920ዎቹ ማታለል ማለት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቤት ዋጋ ሲንር ትርጉሙ ጠበበ፤ ሻጩ የአንዱን ዋጋ ተቀብሎ እጅ ከተጨባበጠ በኋላ ለሌላው በበለጠ ሲሸጥ ‹ጋዛምፕ አደረገው› ይባላል። ሁሉም የሚሆነው በሕግ ጥላ ሥር ነው። የ1677ቱ ሕግ ያስቀመጠው መርሕ በ1925፣ ኋላም በ1989 ሕጎች ቀጥሎ፣ በእንግሊዝና በዌልስ የቤት ሽያጭ ውል ተጽፎ ካልተፈረመ አይጸናም። ገዢው ቤቱን ለሚመረምር ባለሙያና ለጠበቃ ከፍሎ ሳምንታት ሲጠብቅ፣ ሻጩ አንዳች ሳይጠየቅ ቃሉን ማጠፍ ይችላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበያው ሲያዘነብል በቀሉ የገዢው ሆነ፤ ሊፈራረሙ ሲሉ ዋጋ ቀንስ የሚል ገዢ ‹ጋዛንደር› የሚል ስም ወጣለት።

መንግሥት በ2007 ሻጩ የቤቱን መረጃ አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ በማስገደድ የጥበቃውን ጊዜ ሊያሳጥር ሞክሮ ነበር፤ ግዴታው በግንቦት 2010 ታገደ። በስኮትላንድ ግን የገዢና የሻጭ ጠበቆች የውል ደብዳቤዎችን ቀድመው ስለሚለዋወጡ ስምምነቱ ቶሎ በሕግ ይታሰራል፤ ጋዛምፕም እዚያ እምብዛም አይሰማም።